ቁጥሩ እስኪሞላ

ጀላልዲን ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ሆን ብሎ ሶፋው ላይ ጥሎ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሲያስር፣ ሚስቱ ሙፈሪሓት በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ በሌላው ስልኩን ይዛ የአፓርትመንቱን ደረጃ ወረደች።

"ረስተኸው ነበር" አለችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"አላህ ይስጥሽ" አለ። ስልኩን ግን ገልብጦ አስቀመጠው።

ከቤታቸው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። እዚያ ታክስ የሚሠሩላቸው ጋሽ አሥራት ይጠብቋቸዋል። ቀጠሮውን የያዘችው ሙፈሪሓት ናት፤ ለባሏ የነገረችው ትናንት ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጀላልዲን ከሥራ ሲመለስ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሰው ለምን ስድሳ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ይለፋል? ቆጥበን፣ ኢንቨስት አድርገን፣ ስድስት መቶ ሺህ ዶላር የሞላልን ቀን ሁለታችንም ሥራ እናቁም አላት። "አርፈህ ተኛ አቦ! ሥራ የሚያቆመው ሀብታም ነው" ብላ ሳቀችበት። ኋላ ግን አመነች፤ ካመነች ወዲያ ደግሞ ከእሱ ባሰች። ሬስቶራንት ቀረ፣ አዲስ መኪና ቀረ፣ በዒድ እንኳ ያምናውን ልብስ ለበሰች።

እሱ ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ውስጥ በሁለት ሺፍት፣ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ስታነሳና ስታስተኛ ዓመቱ ነጎደ። አካውንቱን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። በየወሩ መጨረሻ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ቁጥሩን ይጽፍላታል። እሷም ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ መጀመሪያ የምታየው ቁጥሩን ነው።

ወረቀቱ አሁን አምስት መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ ይላል።

ውሸት ነው። ወረቀቱና ስልኩ ከተለያዩ አራት ዓመታቸው ነው።

የመጀመሪያውን ውሸት የጻፈው ጓደኛው ተውፊቅ በተቀበረ ሳምንት ነው። ተውፊቅ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሥራ አቁሞ ነበር። ያን ሰሞን ማን እንደሱ! ከወር በኋላ ግን መስጊድ በር ላይ ያገኘው ሁሉ "አሁን ምን ትሠራለህ?" ይለው ጀመር። ከሰው ሸሸ፤ ቤት ዋለ፤ በስምንተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለች። ጀላልዲን ከቀብር ተመልሶ ስልኩን ከፈተና አካውንቱን አየ። ፍሪጁ ላይ ግን ሌላ ቁጥር ጻፈ። ለአንድ ወር ብቻ ብሎ ነበር፤ ይሄው እስከ ዛሬ።

"ይቺ ስምንት ሺህ ምን ቢሆንባት ነው አልሞላ ያለችው?" አለች ሙፈሪሓት መንገድ ላይ። "አንድ ወር ወጣ ትላለች፣ ሌላ ወር ወረድ። ሁለታችን እየሠራን!"

"ገበያው ነዋ።"

"ሁልጊዜ ገበያው!" ዞር ብላ አየችው። "ምነው፣ አመመህ እንዴ? ላብ አጥምቆሃል።"

"ትንሽ አሞኛል። ተመልሰን በሌላ ሳምንት ብንመጣስ?"

"ወላሂ አንመለስም። ዶክተሩ ያለኝን ሰምተሃል። ከእንግዲህ ሰው ካነሳሁ፣ እኔን የሚያነሳኝ ሰው ነው የሚፈለገው። ጋሽ አሥራት አይተው ቁርጤን ይንገሩኝ።"

ድልድዩ ላይ ደረሱ። ጀላልዲን መሪውን ጨምድዶ ይዟል።

"ጀላል" አለች ቀስ ብላ። "ብሩ አለ አይደል?"

"አለ።"

"የአጎቴ ልጅ ሱሃይብም 'አለ' እያለ ነው ቤቱ የተሸጠበት።"

"አለ አልኩሽ እኮ!"

ጮኾባት አያውቅም ነበር። ሙፈሪሓት ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ፍርሃቱ አሁን ወደ እሷም ገባ። ንገራት፣ ዛሬ ካልነገርካት መቼ ልትነግራት ነው፣ አለው ውስጡ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመና ነዳጁን ረገጠ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ ይኼኛው ለሚስቱም አልሆነም።

ጋሽ አሥራት ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው። ሙፈሪሓት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው በሁለት ትንፋሽ ነው።

"በል ጀላልዲን፣ አካውንቱን ክፈትልኝ።"

"ፓስወርዱ ጠፋብኝ፣ ጋሼ።"

"ምን ቸገረ! ፊትህን አሳየው፣ ይከፍታል።"

ጀላልዲን አልተንቀሳቀሰም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሙፈሪሓት አንሥታ ፊቱ ላይ ደገነችው። ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ ገባት። ከአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት በኋላ ባዶ እጇን እንደቀረች አመነች።

"እየኝ" አለችው። "ጀላል፣ እየኝ!"

አያት። ስልኩ ተከፈተ።

ጋሽ አሥራት መነጽራቸውን አድርገው አዩ። በጣታቸው ገፋ እያደረጉ ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ ተመለከቱ። ቀና ብለው ጀላልዲንን አዩት፤ እሱ አንገቱን ደፍቷል። ስልኩን እንደገና አዩ።

"ያ ረቢ!" አለች ሙፈሪሓት የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ። "ይንገሩኝ ጋሼ፣ አይደብቁኝ። አልቋል?"

"የምን ማለቅ ነው ልጄ?" አሉ ጋሽ አሥራት ግራ ገብቷቸው። "ስድስት መቶው ከሞላ እኮ አራት ዓመት አለፈው፤ አንቺ በዚህ ወገብሽ እስካሁን ምን ልሁን ብለሽ ነው የምትሠሪው?"