የኢባዶ ፍየል

ዱዓሌ ወደ ትሪው የዘረጋውን እጁን መለስ አደረገና፣ «እኔ ጉዳይ አለኝ። እሱ ሳይፈጸምልኝ የዚህን ቤት እህል አልቀምስም» አለ።

በትሪው ዙሪያ የተዘረጋው፣ ለሚኒስትርነት የታጩት ሰዎች እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ኢባዶ የማስታጠቢያውን ውሃ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ «ያ አላህ!» አለች በሆዷ። እንግዳ እንዲህ ካለ ወይ የለመነው ይሰጠዋል፣ ወይ ባለቤቱ ተዋርዶ ይቀራል፤ ሌላ መላ የለውም። የፍየሉ ሥጋ ደግሞ ሩዙ ላይ እየቀዘቀዘ ነው።

«ምንድን ነው ጉዳይህ?» አለ ባሏ ሒርሲ፣ አሳምሮ እያወቀ።

«አገር ግዛት ሚኒስቴር ለሰሜን ይሰጥ። ከሐርጌሳ ድረስ ነፃነታችንን ተሸክመን የመጣነው ሞቃዲሾ ላይ የእናንተን ፖስታ ቤት ልንጠብቅ አይደለም።»

ሰሜንና ደቡብ አንድ አገር ከሆኑ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። ነገ ምክር ቤት ፊት የሚቀርበው መንግሥት ግን እስካሁን አልተገኘም። እንግሊዝና ጣልያን ሲወጡ ተቃቅፈው የጨፈሩት ሰዎች ወንበር ላይ ሲደርሱ ዓይንና ናጫ ሆነዋል። አገር ግዛት ደግሞ ለሒርሲ ቃል የተገባ ነው። የጎሳው ሽማግሌዎች ብሥራቱን ሊሰሙ ከገጠር በጭነት መኪና መጥተው ደጅ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል።

«እንዲያ ከሆነ እኔም በገዛ ቤቴ አልበላም!» አለ ሒርሲ።

«እሰየው፣ ተያይዘን እንጹማ! እኛ እንደሆነ ነገ በጠዋት ወደ ሐርጌሳ ነን።»

ሌሎቹ ሳቁ። ኢባዶ አልሳቀችም። ለዚህ ባንዲራ ስትል ፀጉሯን ተላጭታ በጣልያኖች እስር ቤት ከርማለች። አሁን በምሳ ትሪ ላይ ሊፈርስ ነው? ውሃውን አስቀምጣ ገባች።

«ዱዓሌ ወንድሜ፣ እህል አልቀምስም የሚባለው ለማን ነው?»

«ለባለ እህሉ ነዋ።»

«ይሄ ፍየል ከአባቴ ቤት ይዤው ከመጣሁት መንጋ ነው። ሒርሲ ጭራው እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ የለመንከው እኔን ነው። ሰጥቼሃለሁ፤ ብላ!»

ወደ ሒርሲ ዞረች። ሰሞኑን ሱፍ ልብሱን ለብሶ መስተዋት ፊት ሲንጎራደድ ባየችው ቁጥር ስታሾፍበት ነበር፤ በልቧ ግን ደስ ይላት ነበር። አሁን አንጀቷን በላት። እሱም አያት፣ አያትና ከጎድኑ ምርጡን ቆርሶ ዱዓሌ ፊት አኖረ።

«ወላሂ፣ ያገባሁት ሴት ሳይሆን ምክር ቤት ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ሲሞላ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ «ሽማግሌዎቹን ግን አንቺው ንገሪልኝ። እኔ አልችላቸውም» አላት።

ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ዛፉ ሥር ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

«የእኛ ሆነ?» አሉ ጢማቸው በሂና የቀላው ትልቁ ሽማግሌ።

«ለሰሜኖቹ ሆነ፣ አጎቴ። የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ሰኩት። «እንግዲያውስ እኛም ጉዳይ አለን። ለልጃችን አንድ ወንበር ሳይገኝ የዚህን ቤት እህል አንቀምስም!»

«ማን ምሳ ጋበዘዎት፣ አጎቴ?»

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ። ቀዩ ጢማቸው ተርገፈገፈ። ጎናቸው ያሉት ተከተሏቸው፤ አንዱማ እስኪያስለው ሳቀ። ኢባዶም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከውስጥ የማኘኩ ድምፅ ቆመ። ምን ተገኘ ብሎ፣ አዲሱ መንግሥት በሙሉ እጁ በስብ እንደራሰ በመስኮት አንገቱን አወጣ።