ገጽ አርባ ሁለት

እናትየዋ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች። ልጇ ሶስና አራተኛ ክፍል ናት። በሒሳብ የሚደርስባት የለም፤ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታታ መልሳ ትገጥማለች። መጽሐፍ ሲከፈትላት ግን ፊደሎቹ ይራወጡባታል። ዛሬ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ልታያት ነው። እናትየዋ «አእምሮዋ ዘገምተኛ ነው ብለው ይፈርዱባታል» እያለች እንቅልፍ ካጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

ለዚህም ነው ዛሬ የሚነበበው ገጽ አርባ ሁለት መሆኑን በዘመድ አጣርታ፣ ገጹን ቃል በቃል ያስጠናቻት። ጣቷን መቼ ወደ ቀጣዩ መስመር እንደምታወርድ ሳይቀር አለማምዳታለች።

«እስቲ ይህን አንብቢልኝ፣ የኔ ልጅ» አለች መምህርቷ።

ሶስና ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስቀመጠች። ልጅቷ አንድ ቃል ብትዘል አበቃ። ሶስና ግን ከላይ እስከ ታች አንበለበለችው።

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ደስ ይበልዎት፣ እናት። ንባቧ ምንም ችግር የለበትም።»

«ተመስገን» አለች እናትየዋ።

«የክፍል አስተማሪዋ ‹ጎበዝ ናት፣ ፊደል ግን ይጠፋባታል› ብሎ ጽፎልን ነበር። ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ዘንድሮ ፈተናውን በቃል አድርገንላቸዋል፤ ንባብም ለብቻቸው የምታስተምራቸው ሰው ቀጥረናል። አንድ ቦታ ቀርቶን ለእሷ ይዘንላት ነበር። እንግዲህ ለሌላ ልጅ ይሁን።»

ፋይሉን ዘግታ የሚቀጥለውን ልጅ ልትጠራ ወጣች።

ሶስና ወደ እናቷ ጆሮ ተጠጋች።

«እማዬ፣ አንድም አልረሳሁም አይደል?»