ታጥፏል

«አሁን ድምፅ እየሰጡ ነው» አሉ ጋሼ ቀበቶ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ። ክንዴ ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቷል። ደሜ በቀጭኑ ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ታጥቦ ይመለሳል። ተነስቼ ልሩጥ ብል እንኳ የት እሄዳለሁ?

ኩላሊታችን ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን እዚህ ጎን ለጎን እንተኛለን። እሳቸው ጡረታ የወጡ የበጀት ሹም ናቸው፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማሽኖቹን መንግሥት በብድር ገዝቶ በነፃ ያሳክመናል። ምክር ቤቱ ዛሬ የሚወስነው ይህ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ነው። ሦስት ቀን ደሜ ሳይታጠብ ከቆየ እግሬ አብጦ ጫማ አይገባለትም። ከሳምንት በኋላ ያለውን አላስበውም።

«አገር በብድር አይኖርም። ቀበቶ ማጥበቅ ነው» አሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው በዚህች አነጋገራቸው ነው።

«ሱሪዎን ሦስቴ አጥብቤያለሁ እኮ ጋሼ። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ወገብ የለዎትም።»

«አትቀልድ። ዕዳውን የሚከፍሉት የልጅ ልጆቼ ናቸው።»

«የልጅ ልጆችዎ አያት አያስፈልጋቸውም?»

ሰዓቱን ደግመው አዩ። ሌላ ቀን ቢሆን ሲስተር እስክትቆጣን እንከራከር ነበር። ዛሬ ግን እኔም ፈርቻለሁ።

በሩ ተከፈተና ጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መወልወያቸውን እንደያዙ ገቡ። እንግዳ መቀበያው ጋ ያለውን ቴሌቪዥን ይዩልኝ ብዬ የላክኋቸው እኔ ነበርኩ።

«የእናንተ በጀት ታጥፏል አሉ» አሉ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ።

ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ሳጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የታጠፈ ጨርቅ ድርብ ነው። «እጥፍ ሆነልን!» አልኩ። መስኮቱ ጋ የተኛችው መምህርት በነፃው እጇ ፊቷን ሸፍና በደስታ አለቀሰች። እትዬም አብረውን ሳቁ።

ጋሼ ቀበቶ አልሳቁም። «እህቴ፣ ‹በእጥፍ አድጓል› ነው ያሉት ወይስ ‹ታጥፏል›?»

«ታጥፏል። ያው አይደል እንዴ?»

«በእኛ መሥሪያ ቤት ቋንቋ ታጥፏል ማለት ተዘግቷል ማለት ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «ስንቱን በዚህ ቃል የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

መምህርቷ እጇን ከፊቷ አላነሳችም።

«ሲስተር» አሉ ጋሼ፣ «ሐሙስ ተራዬ ነው አይደል?»

ሲስተር የቀጠሮ መዝገቡን ገለጠች። መልሳ ከደነችው።

ሌላ ቀን ጋሼ ቀበቶ አራት ሰዓት ሙሉ ሲያጉረመርሙ ይቆዩና፣ የማሽኑ የማብቂያ ደወል ሲጮህ ከሁላችንም ቀድመው ጫማቸውን የሚፈልጉት እሳቸው ነበሩ። ዛሬም የእሳቸው ደወል ቀድሞ ጮኸ። ሲስተር መርፌውን ልትነቅል ጎንበስ ስትል፣ በነፃው እጃቸው የማሽኑን እጀታ ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«ትንሽ ይቆይልኝ» አሏት።