ሁለት ነጥብ ሦስት

ነርሷ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። በአእምሮ ሕክምና ክሊኒኩ ውስጥ ሊቲየም የሚወስዱ ታካሚዎችን ደም የምትከታተለው እሷ ናት። መድኃኒቱ ሲያንስ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ይመርዛል፣ ይገድላልም። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ታካሚዋን በዚሁ አጥታለች። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የውጤት ወረቀት ሁለቴ ታነባለች።

ከታካሚዎቿ አንዱ የሆነው ልብስ ሰፊ ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አሳስቧት አያውቅም። ውጤቱ ሁልጊዜ ከአንድ በታች ነው። ኪኒኑን የምትሰጠው ሚስቱ ናት፤ እራት ላይ ሁለት ፍሬ፣ እስኪውጥ ድረስ ከፊቱ ንቅንቅ ሳትል። እሱም «የእኔ ዘበኛ» እያለ ይቀልድባታል።

በዚያ ሰኞም እንደ ልማዱ እየቀለደ መጣ። ነርሷ አዲስ ከገባው ካርቶን ባለ አረንጓዴ ክዳን ቱቦ አውጥታ ደሙን ቀዳች። ባለ ቀይ ክዳኑ አልቋል። አዲሱ እንዲያውም ይሻላል፤ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስላለበት ሥራ ያቀላል።

ውጤቱ ሦስት ነጥብ አንድ ሆኖ መጣ።

ነርሷ ክው አለች። በዚህ ቁጥር ሰው በእግሩ መቆም ቀርቶ ስሙንም አያስታውስም። ልብስ ሰፊው ኮሪደሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ይሳሳቃል። ሐኪሙም ደንግጦ ወዲያው አስተኛው፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው፤ የቀረውን ኪኒን ነርሷ ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ቁጥሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረድ ወረድ አለና ሁለት ነጥብ ሦስት ላይ ሲደርስ ቆመ። በስምንተኛውም ቀን ያው ሁለት ነጥብ ሦስት ነው።

እዚህ ላይ ነርሷን እውነተኛ ፍርሃት ያዛት። መድኃኒት ካቆመ ስምንት ቀን የሆነው ሰው ሊቲየሙን ከየት ያመጣዋል? ከነፋስ አይወርድ። የሆነ ሰው እየሰጠው ነው። ምሳ ዕቃ ይዛ በቀን ሦስት ጊዜ የምትመላለሰው ደግሞ ሚስቱ ናት፤ በእጄ ካላጎረስኩት ብላ ሙጭጭ የምትለውም እሷው ናት።

ጠየቀቻት። ሴትየዋ በልጆቿ ማለች። ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሻለች፣ አለች ነርሷ በልቧ።

የልብስ ሰፊው እናት ነገሩን ስትሰማ ወደ ክሊኒኩ መጣች። እሷም የምትኖረው እዚያው ቤት፣ የምትበላውም ከዚያው ድስት ነው። የእኔንም ደም እዩልኝ ብላ እጇን ዘረጋች። በዕድሜዋ አንድ የሊቲየም ኪኒን አፏ ገብቶ አያውቅም። የእሷም ሁለት ነጥብ ሦስት መጣ።

«ልጄ፣ ሁላችንንም ልትጨርሰን ነው» አለች ለነርሷ።

ሚስትየዋ ወደ ባሏ ክፍል እንዳትገባ ተከለከለች። ፖሊስ ተጠራ።

ልብስ ሰፊው በበኩሉ እንቅልፍ ካጣ ሦስት ቀኑ ነው። አፉ አያርፍም። የአልጋውን አንሶላ በጥርሱ እየተረተረ ለሠራተኛው ሁሉ ሱሪ እሰፋለሁ ይላል፤ የሚያባብለው ሲመጣ ይገፈትራል። ሕመሙ ተመልሷል። ሐኪሙም ይህን አላጣውም፤ ግን ሁለት ነጥብ ሦስት በደሙ ላለ ሰው ሊቲየም ማዘዝ በገዛ እጅ መግደል ነው። ሌላ መድኃኒት ሞከረለት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሚስትየዋ ከፖሊሱ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ነርሷ ስታልፍ የነጭ ጋውኗን ጫፍ ያዘቻት።

«እህቴ፣ እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። መድኃኒቱን ብቻ መልሱለት። ይሄን ዓይኑን አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ከፎቅ የዘለለው እንዲህ ሆኖ ነው።»

ነርሷ ጋውኗን አስለቀቀች። እንዲህ ያለ ጭካኔ ይህን በመሰለ ለስላሳ ድምፅ ሲናገር መስማት ዘገነናት።

ፖሊሱ የጽሑፍ ማስረጃ ፈለገ። የላብራቶሪው ባለሙያ ነገር ማጓተት የሚወድ፣ ሁለቴ ሳይለካ የማይናገር ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት የጤነኛ ሰው ደም ለማነጻጸሪያ ያስፈልገኛል አለ፤ በዚያው ዓይነት ቱቦ፣ በዚያው ማሽን፣ ከዚያ ቤት ምንም ካልቀመሰ ሰው።

ነርሷ ለአፍታም አላመነታችም። ከሴትየዋ እጅ ውሃ እንኳን ጠጥታ አታውቅም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ሰጠች፤ ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ፣ ሴትየዋም ከዓይኗ እንድትርቅ ነበር የቸኮለችው።

ከፎቅ የልብስ ሰፊው ጩኸት ይሰማል። መስኮት ክፈቱልኝ ይላል።

ሽማግሌው ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አንዴ አነበበው፤ መነጽሩን ጠርጎ ደገመው፤ ከዚያ ለነርሷ አቀበላት።

ከስሟ ጎን የተጻፈው ሁለት ነጥብ ሦስት ነበር። ባለ አረንጓዴ ክዳኑን ቱቦ አንስታ አገላበጠችው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነገር ስም በደቃቅ ፊደል ተጽፎበታል፦ ሊቲየም ሄፓሪን።