ሰም የገባበት ካልኩሌተር

መምህር ኪዳኑ ካልኩሌተሩን በመሀረብ ጠቅልሎ ከዳባት ደባርቅ የደረሰው ጳጉሜን አምስት ጠዋት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ምን እንደያዘ ቢጠይቀው ጥቅሉን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

ደብረወርቅ መናኸሪያው አጥር ሥር ሞባይልና ራዲዮ ትጠግናለች። ሙያውን ያስተማራት የለም፤ የተጣለ እየፈታች ተማረችው። ዕቃ የሚያመጣላት ሰው በእጇ ይተማመናል፤ ምላሷን ግን ይችላል።

«ምን ሆነ?»

«ስታክ አደረገ፣ እትዬ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስክሪኑ ባዶ ነው። አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ጥግ ላይ ቀርታለች። ማቆሚያውን ብጫን ብጫን እሺ አይልም።»

«ባትሪውን አውጥቶ መመለስ ነዋ።»

«እሱን እንዳያደርጉ። ያለው ሁሉ ይጠፋል።»

«ከጀርባው በመርፌ የሚጫነውስ?»

«እሱም ያጠፋል።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣህ፣ መምህር? ጸበል አትወስደውም?»

ኪዳኑ አልሳቀም። ካልኩሌተሩ ውስጥ ያለው ሁለት ክረምት የፈጀበት ሥራ ነው፤ ባሕረ ሐሳብን በፕሮግራም ጽፎበታል። ዓመቱን ሲያስገቡለት ቀኑን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ነነዌና ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገቡ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያወጣል። ሌላ ቅጂ የለውም።

ነገ መስከረም አንድ ነው። አማቱ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እንደ አርባ ዓመት ልማዳቸው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያውጃሉ። ዘንድሮ ግን ኪዳኑ ለሰበካ ጉባኤው ቃል ገብቷል፤ ከመሪጌታ ቀጥሎ ካልኩሌተሩ በሕዝብ ፊት ይናገራል። ሁለቱ ከተስማሙ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በእሱ ይማራሉ። ካልተናገረ ኪዳኑ የዳባት መሳቂያ ነው።

«መሪጌታ ምን አሉ?» አለች ደብረወርቅ፣ ብሎኑን እየፈታች።

«"እኔ በጣቴ ስቆጥር ይህ ቆርቆሮ የት ነበር" ነው ያሉት። ግን ያለፉት ሁለት ዓመታት እሳቸው ያወጁትና እሱ ያወጣው በአንድ ቀን እንኳ አልተለያየም። እሱ ነው ያንገበገባቸው። አምናማ በቃላቸው ማለቱን ትተው ከብጣሽ ወረቀት አነበቡ። በጽሑፍ ሊይዙኝ።»

«ሲበላሽ ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«እሳቸው ብቻ። ባለቤቴ አመተ ማርያም እኅቷ ወልዳ አምባ ጊዮርጊስ ከሄደች ሳምንቷ ነው። እዚያ ሆና እንኳ በየቀኑ እየደወለች "ካልኩሌተሩን ቤት ትተኸዋል አይደል?" ትለኛለች። ከኔ ይበልጥ የምታስብለት እሷ ናት።»

ደብረወርቅ ባትሪውን ሳትነካ የፊቱን ሽፋን አነሳች። ማቆሚያው ቁልፍ ሥር ቢጫ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሯ ፍቃ አሸተተችው።

«ሰም ነው። የጧፍ ሰም። ቤታችሁ ጧፍ የሚያበራ ማን ነው?»

«ማን ይሆናል፣ እትዬ።»

ሰሙን በመርፌ ለቅማ ጨረሰችና ቁልፉን ተጫነችው። ነጥቧ ጠፋች፤ ቁጥሮቹ ተመለሱ። ኪዳኑ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አየው። አንድ መስመር አልጎደለም።

«ስታክ አላደረገም ነበር» አለች። «ሥራ ላይ ነበር። ያስገቡለት ዓመት ስንት ነው?»

ኪዳኑ አወጣው። 7518።

«2018 አይደል እንዴ የሚገባው?»

«ዓመተ ዓለም ነው» አለ ኪዳኑ ጥርሱን ነክሶ። «ከፍጥረት ጀምሮ፣ አምስት ሺህ አምስት መቶውን ደምሮ። እኛ ቤት እንዲህ የሚቆጥር አንድ ሰው ነው ያለው። ፕሮግራሙ ግን ከ2000 ዓመተ ምሕረት ተነስቶ ነው ቀን በቀን የሚቆጥረው። ለ2018 ዐሥር ደቂቃ ይበቃዋል።»

ደብረወርቅ ካርቶን ክዳን ላይ አባዛች፣ አካፈለች።

«ለዚህማ ሁለት ቀን ከሦስት ሰዓት። የማያልቅ ሥራ ሰጥቶ ማቆሚያውን በሰም መድፈን።» ቀና አለች። «አማትህስ ብልህ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ስጠግን እንዲህ ያለ ማበላሸት አላየሁም።»

ሰሙን በወረቀት ቋጥራ ሰጠችው።

«ማስረጃህ ነው። አትጣለው።»

ሲመለስ መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ነበር። ነገ መሪጌታ አውጀው ሲጨርሱ ይነሳል፤ ወረቀቱን ይፈታል፤ ሰሙን ለሕዝቡ ያሳያል። አርባ ዓመት የተከበረ ሰው በሰው ዕቃ ላይ ምን እንደሚሠራ ዳባት ይወቀው። አመተ ማርያም ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ።

መሪጌታ ደጃፉ ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ ባለበት አግዳሚ ተቀምጠው አገኛቸው። የኮቴውን ድምፅ ሰምተው ቀና አሉ።

«ያርጋል ነህ?»

ያርጋል ከዐሥር ዓመት በፊት ተምሮ የሄደ ደቀ መዝሙራቸው ነው። ኪዳኑ ስሜን እንኳ ነፈጉኝ ብሎ አሰበ።

«ኪዳኑ ነኝ። ይህን ያውቁታል፣ መሪጌታ?»

ወረቀቱን ፈታና ሰሙን ፊታቸው አደረገው። እስከ ነገ መታገሥ አቅቶት ነበር።

መሪጌታ ሰሙን አላዩትም። ዐይናቸው መሀረቡ ላይ ነበር። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ኪዳኑም ሳያስበው ካልኩሌተሩን ሰጣቸው። ስክሪኑን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ከዚያም ወደ ጥላ አዙረው፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ቃኝተው፣ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቆጥሮ ጨረሰልኝ? ነገ ሕዝቡ ይጠብቀኛል፤ እኔ ቁጥሩ ጠፍቶኛል።»