የግራው ፓራፋንጎ

መኪናዋ ጋራዡ የገባችው ሰኞ ጠዋት ነው። ቅዳሜ መውጣት አለባት። ቅዳሜ ወንዱ ልጅ ይመጣል።

አባትየው፣ ሠላሳ ዓመት ንድፍ ያስተማሩ ጡረተኛ፣ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯትና በከዘራቸው ጫፍ ከግራው የፊት ጎማ በላይ ያለውን ሽፋን ጠቆሙ።

«ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው። የግራውን ፓራፋንጎ ግን እንዳትነካብኝ።»

«ጋሼ፣ የተሰነጠቀው እኮ እሱ ነው» አለ ቀቢው።

«አውቃለሁ። ልጄ ሥራውን በዓይኑ ይየው።»

የመኪናዋ አካል ብረት አይደለም፤ ፋይበር ነው፤ የመስታወት ክር ጨርቅ በሙጫ እየተነከረ የተደራረበ። ብረት ሲመታ ይሰረጉዳል። ፋይበር ይሰነጠቃል፤ ቀለም ቢያለብሱትም ስንጥቁ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይወጣል። በግራው ፓራፋንጎ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ወጥቶ ነበር።

ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናዋ የእናትየው ነበረች። ከአባቷ ነው የወረሰቻት፤ ማንም እንዲነዳት አትፈቅድም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ቀን አቧራ ስታራግፍ እጇ ፓራፋንጎው ላይ ቆመ። ቀለሙ ከሌላው ጥቂት ደመቅ ብሏል፤ አንድ ሰው አጋጭቷት በስውር ጠግኗታል። ልጁ ደግሞ ከዚያ በፊት አንዴ ቁልፍ ሰርቆ ነድቷታል። «ሌላ ማን ይሆናል?» አሉ አባትየው። ልጁ አይደለሁም ብሎ ማለ። የተከራከረለት ሰው አልነበረም። ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ እናትየው በዓመቱ ሞተች።

አሁን የሚመጣው ሴት ልጁን ለአያቷ ሊያሳይ ነው። አባትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ደጃፉን ከመርገጡ በፊት በራሱ አፍ «እኔ ነኝ» ይበል። መልሱ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሑፍ መጣ፦ «አልልም።»

«እንግዲያውስ ከበር ይመለሳል» አሉ።

ታናሽ እህቱ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት ይከብዳታል። በዚያ ሳምንት ግን ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ጋራዡ መጣች። ቀቢው ተቀመጪ ቢላት አትቀመጥም። የቀቢውን መፍቻዎች በቁመታቸው ትደረድራለች፣ ትበትናለች፣ እንደገና ትደረድራለች።

«ያንን ቦታ ብትፍቀውስ?» አለችው ማክሰኞ።

«ጋሼ አትንካ ብለዋል እኮ።»

«እሳቸው እንደሆኑ እስከ ቅዳሜ አይመጡም።»

«አሃ! የወንድምሽን ጉድ ልትሸፍኚ ነዋ!» ሳቀ። «እኔን ከሽማግሌ ጋር አጣልተሽ አንቺ መጽሐፍሽ ውስጥ ልትደበቂ!»

ፊቷ ቀልቶ ወጣች። ረቡዕ ተመልሳ መጣች።

ሐሙስ ቀቢው ለኋላው በር ሙጫና ማድረቂያ በጣሳ እያማሰለ ወሬ ጀመረ። ስለ ቤት አከራዩ ውሻ ነበር የሚያወራው።

«ቶሎ በል» አለች ድንገት። «አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጣሳው ውስጥ ይጠነክርብሃል።»

«አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽ?»

«መጽሐፍ ላይ።»

ዓርብ ከሰዓት ቀቢው ራሱ ተሸነፈ። ሌላው አካል እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ያ ስንጥቅ ብቻ ዓይኑን ይወጋዋል። «ሰው የሚያየው ይህንን ነው። ስሜ ሊጠፋ ነው» አለና የአሸዋ ወረቀቱን አነሳ። መጀመሪያ ቀለሙ ሄደ። ከዚያ ከሥሩ የተሞላው ስቱኮ። ከዚያ የድሮው ጥገና ብቅ አለ።

ቀቢው ማፏጨቱን አቆመ። እህትየው ከጎኑ ቆማ ነበር።

«ወንድምሽ ግን እጁ የተባረከ ነው። ጨርቁን እይው፤ በማስመሪያ የቆረጠው ነው የሚመስለው። ጥጉ ከጥጉ ግጥም!»

አቧራውን በመዳፉ ጠረገው። በሙጫው ላይ፣ ሳይደርቅ በሚስማር የተጫሩ ሁለት ቃላት ነበሩ። ፊደሎቹ መስመር ላይ እንደተጻፉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀቢው ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ይቅር በይኝ።»

ከንፈሩን መጠጠ። «አይ ልጅ! በአፉ አልወጣ ሲለው ለእናቱ እዚህ ጻፈላት። በቃ፣ አመነ ማለት ነው። ጋሼም የፈለጉት ይህንኑ ነበር።» የአሸዋ ወረቀቱን መልሶ አነሳ። «ላጥፋው?»

«ተወው። ነገ እንዲህ እንዳለ ትውጣ።»

«እንዲህ ተላልጣ?»

«ወንድሜ ያንብበው።»

«በገዛ ልጁ ፊት ልታዋርጂው? አንቺ ምን ዓይነት እህት ነሽ?»

እሷ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማውን ሳበችና ተቀመጠች።

ያቺ እህት እኔ ነኝ። ሙጫው ሳይደርቅ፣ አባቴ በሚስማሩ ሲጽፉ፣ ጣሳውን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ።