ፊቷን ያዞረችው እናት

በተወዳጆቹ የቤተሰብ ፊልሞች እናት ሆና የተወነችው ሴትዮ፣ ታሪኩ ለቴሌቪዥን የአኒሜሽን ተከታታይ ሲሆንም ለተሳለችው እናት ድምፅዋን ሰጠች። ዛሬ አንድ ሐያሲ በሬዲዮ ተከታታዩን ብትንትኑን እያወጣው ነው።

«ሥዕሉ በድን፣ ቀልዱ የተንዛዛ! የእናትየዋ ድምፅማ ሻክሮ ሻክሮ ልጆቼን አስበረገገብኝ።»

ሴት ልጇ ሬዲዮኑን ልትዘጋ ስትነሣ ሴትዮዋ በእጇ ከለከለቻት።

«አንድ ነገር ግን አይካድም» አለ ሐያሲው። «በመጨረሻው ክፍል እናትየዋ ልጇን ስትሸኝ ፊቷን አዙራ ዝም ማለቷ! እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም።»

ሴት ልጇ አንገቷን ደፋች።

ያ ክፍል ሳይቀዳ ሐኪሞቹ የጉሮሮዋን ዕጢ ሲያወጡ ድምፅዋም አብሮ ወጣ፤ ሠዓሊዎቹም የሚንቀሳቀሰው አፍ እንዳይታይ የተሳለችውን እናት ፊት ወደ በሩ አዞሩት።

ሴትዮዋ ልትስቅ ሞከረች። ለመተንፈሻ ከተከፈተው የአንገቷ ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።